የተቀደደ ማንገቻና ያልተገዛ ማሽን

ጉዳዩ የአንዲት ቦርሳ ሠሪ ነው። በትንሽ ወርክሾፕ፣ ከአንድ ረዳት ጋር፣ የትከሻ ቦርሳ ከቆዳ ትሠራለች። ሥራዋ ንጹሕ ነው። ጠርዙ የተወለወለ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ቆዳው በጥንቃቄ የተመረጠ። ችግሩ የመጣው ከሽያጭ በኋላ ነው። ደንበኞች ቦርሳውን ጥቂት ወራት ይዘውት ይመልሱት ጀመር። ሁሉም የሚያሳዩት አንድ ቦታ ነው፦ ማንገቻው የብረት ዘለበቱን ዞሮ የሚሰፋበት ጫፍ።

እሷ ምክንያቱን ቀድማ ወስናለች። "ማሽኑ አቅም የለውም ጋሼ፤ ትልቁን ልገዛ ነው" አለችኝ። ትልቁ ያለችው የጁኪ 441 ዓይነቱን ነው፤ ኮርቻና የጋሪ ማሰሪያ የሚሰፋበትን ከባድ ማሽን። ከእኔ የፈለገችው የትኛውን ብትገዛ እንደሚሻል እንድነግራት ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ማሽኑ ይቆይና መጀመሪያ የተመለሱትን ቦርሳዎች አምጪልኝ አልኳት። የተበላሸ ስፌት ምክንያቱን ይዞ ነው የሚመጣው። በደንብ ካዩት ይናገራል። በዚህ ሙያ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይሄን ሳያዩ ወደ ማሽን ሻጭ በመሮጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳቱን ማንበብ

ማንገቻዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን በማጉያ መነጽር አየናቸው። አንድ ዓይነት ይመስል የነበረው ጉዳት ሦስት ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

በአብዛኞቹ ላይ ክሩ ምንም አልሆነም። የተቀደደው ቆዳው ነው። ስፌቱ ማንገቻውን በወርዱ በሚያቋርጥበት መስመር ላይ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ፣ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተቦጭቋል። ያውም ከዘለበቱ ራቅ ያለው መስመር ላይ፣ የታጠፈው ጭራ በሚያልቅበት ቦታ። ክሩ ግን ጤነኛ ሆኖ እዚያው ተንጠልጥሏል። ክሩ ተርፎ ቆዳው ከሄደ ማሽኑ አልደከመም ማለት ነው። ቀዳዳው በዝቷል።

በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ቆዳው የተበጠሰው እጥፋቱ ላይ ነው፤ ዘለበቱን በሚዞርበት ቦታ። በካሊፐር ስንለካው 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ማንገቻው ሌላው ቦታ ላይ 2 ሚሊ ነው።

በቀሩት ላይ ክሩ ራሱ ተበላሽቷል። ጫፉ ተበታትኖ ፀጉር አውጥቷል። አጠገቡም የተዘለለ ስፌት አለ። ማሽኑን ልንጠረጥርበት የምንችለው ይሄኛው ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ላይ ይታያል። የተጣበቁት ሁለት ንብርብሮች ተላቀዋል። የደረቀው የማስቲሽ ሽፋን ከአንዱ ወገን ሙልጭ ብሎ ተነስቷል፤ የቆዳ ፋይበር እንኳ ይዞ አልመጣም። በደንብ የተጣበቀ ቆዳ ሲላቀቅ ፋይበሩን ነጭቶ ነው የሚሄደው። ይሄኛው ከመጀመሪያውም አልያዘም ነበር።

ቀዳዳውን እንቁጠር

ማንገቻው 20 ሚሊ ወርድ አለው። ስፌቱ ከሁለቱም ጠርዝ 2.5 ሚሊ ገባ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አቋራጩ መስመር 15 ሚሊ ነው። ደቃቅ ስፌት ያምራል ብላ የስፌቱን ርዝመት 2.5 ሚሊ ላይ አድርጋዋለች። በዚያ አንድ መስመር ላይ 7 ቀዳዳ ይወጣል። መርፌዋ 120 ቁጥር ነው። የመርፌ ሜትሪክ ቁጥር የውፍረቱ መቶ እጥፍ ስለሆነ፣ 120 ማለት 1.2 ሚሊ ነው። ሰባቱ ቀዳዳዎች ሲደመሩ 8.4 ሚሊ ይሆናሉ። ከ20 ሚሊ ማንገቻ 8.4ቱ ተበስቷል ማለት ነው።

በዚያ ላይ እንዲጠነክር ብላ በዚያው መስመር ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ትመላለስበታለች። መርፌው ሲመለስ በድሮው ቀዳዳ ብቻ አይገባም። አጠገቡ አዲስ ይከፍታል። ማጠንከሪያ የተባለው ስፌት ማንገቻውን ለመቀደድ ያዘጋጀዋል።

ሒሳቡ ግምት ነው። መርፌ ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ ይገፋል እንጂ እንደ መብሻ ቆርጦ አያወጣም። አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል። ጨርቅ ላይ መርፌ ሲገባ ክሮቹ ገለል ብለው ያሳልፉታል፣ ሲወጣም ይመለሳሉ። ቆዳ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ተከፈተ ነው። ከጨርቅ ስፌት ወደ ቆዳ የመጣ ሰው "ስፌት በበዛ ቁጥር ይጠነክራል" የሚለውን ይዞ ይመጣል፤ ይሄን ቶሎ መተው አለበት።

ታዲያ ስፌቱን ወደ 4 ሚሊ ማስረዘም ይበቃል? አይበቃም። ለክሯ የሚስማማው መርፌ ከያዘችው ይወፍራል (ወደ ኋላ እመጣበታለሁ)። 140 ቁጥር መርፌና 4 ሚሊ ስፌት ብናደርግ በመስመሩ ላይ 4 ወይም 5 ቀዳዳ ይኖራል። ያ ከ5.6 እስከ 7 ሚሊ ነው። ተሻሽሏል፤ ግን ብዙም አይደለም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው አቋራጩን መስመር ከናካቴው በማንሳት ነው። የታጠፈውን ጭራ ጫፉን እንደ ምላስ አሹለን ቆረጥነው። ስፌቱ በሁለቱ ጎኖች ማንገቻውን ተከትሎ ይሄድና ጫፉ ላይ በሹሉ ይገናኛል። እንዲህ ሲሆን ማንገቻውን የትም ቦታ በወርዱ ብትለካው የምታገኘው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው። ጭነቱም ለረጅም መስመር ይከፋፈላል። የጎን ስፌቱን 40 ሚሊ ያህል እንዲረዝም አደረግነው። በፊት በሳጥን ቅርጽ የሚሰፋው ቦታ ርዝመቱ ከ20 ሚሊ አይበልጥም ነበር።

ማሳሳት የት ይጀምራል?

ቆዳ ሲታጠፍ እንዳያብጥ ማሳሳት፣ ማለትም ውፍረቱን በቢላ መቀነስ፣ የታወቀ ነው። ጥያቄው የትኛው ክፍል ይሳሳል የሚለው ነው። እሷ ከእጥፋቱ ጀምራ እስከ ጭራው ጫፍ እኩል ነበር የምታሳሳው። ዘለበቱ ላይ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፣ ያምራልም። ነገር ግን ብረት ቀኑን ሙሉ የሚፈገፍገው እዚያ ቦታ ነው። ውፍረቱን በግማሽ ቀንሶ ለብረት መስጠት ማለት ነው።

አሁን እጥፋቱ ሙሉ 2 ሚሊውን ይይዛል። ማሳሳቱ የሚጀምረው ከዘለበቱ አልፎ፣ ስፌቱ ስር ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጭራው ጫፍ ይሳሳል፤ ጫፉ ላይ ወደ 0.8 ሚሊ ይደርሳል። ይሄ ለማሽኑም ጠቀመ። የማሽኑ መጫኛ እግር ጭራው ጫፍ ላይ በአንዴ የሚዘልበት ደረጃ አነሰ።

ለማሳሳት ቢላው በጣም የተሳለ መሆን አለበት። ደነዝ ቢላ ቆዳውን ይጎትታል፣ ከዚያ ባልታሰበ ቦታ ይገባል። ሥራ ከመጀመሯ በፊትና በየመሃሉ ስለቱን አረንጓዴ የመወልወያ ፓስታ በተቀባ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተተች እንድትወለውል አደረግን። ሞረድ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው፤ ውልወላው ግን በየሰዓቱ ቢሆን አይበዛም።

ስለ ቆዳው አቆራረጥም አንድ ነገር ተገኘ። የቦርሳው አካል ከእንስሳው የጀርባ ቆዳ ይቆረጣል፣ ማንገቻው ደግሞ ከተረፈው። የተረፈው ብዙ ጊዜ የሆዱ ክፍል ነው። የሆድ ቆዳ ፋይበሩ የላላ ነው፣ ይለጠጣል። ማንገቻ ተለጠጠ ማለት ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፣ ስፌቱም ይላላል። ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፦ መጀመሪያ ማንገቻ፣ ከጀርባው፣ የአከርካሪውን መስመር ተከትሎ። ከዚያ ሌላው። ጥርጣሬ ካለ ቀጭን ቅዳጅ ቆርጦ በሁለት እጅ መሳብ ነው። ተለጥጦ ካልተመለሰ ለማንገቻ አይሆንም። ከጀርባውም ተቆርጦ ለስላሳ ለሆነ ቆዳ፣ በተለይ በክሮም ለለፋው፣ በሁለቱ ንብርብሮች መካከል የማይለጠጥ የናይለን ጥብጣብ ማስገባት ጥሩ ነው።

ማስቲሹን በአጭሩ ልለፈው። ጭራው ሲታጠፍ የሚያርፈው በማንገቻው የጀርባ ወገን ላይ ነው። የእሷ ማንገቻ ግን ከኋላም በለስላሳ ቀጭን ቆዳ የተለበጠ ነው። ማስቲሽ ደግሞ በተወለወለ ገጽ ላይ አይይዝም። ስለዚህ የሚጣበቀውን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ አቧራውን መጥረግ፣ ሁለቱንም ወገን ቀብቶ ጣት ላይ መያዙን እስኪተው መጠበቅ፣ ከዚያ መግጠምና በመዶሻ መታ መታ ማድረግ። እሷ ማስቲሹ ገና እርጥብ እያለ ነበር የምትገጥመው። ሙጫው የሚሸከመውን ካልተሸከመ ሁሉም ነገር በስፌቱ ላይ ይወድቃል።

ማሽኑ ምን አጠፋ?

ያላት ማሽን መርፌው፣ የውስጥ እግሩና የታችኛው ጥርስ አብረው የሚሄዱበት ጠፍጣፋ የኢንዱስትሪ ማሽን ነው። ለቦርሳ ከዚህ የተሻለ መምረጥ ይከብዳል። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንዳለ ሁሉንም ንብርብር ይዞ ስለሚራመድ የላይኛው ወደኋላ አይቀርም። ማሽኑን ከመፍታታችን በፊት መርፌውን አየነው።

ክሯ ቴክስ 135 ናይለን ነው። ቴክስ ማለት 1000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይወፍራል። ለዚህ ክር 140 ወይም 160 ቁጥር መርፌ ነው የሚሆነው። በ120 መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክሩ ተጣቦ ነው የሚያልፈው። እያንዳንዱ የክር ቁራጭ ቆዳው ውስጥ ከመቅረቱ በፊት በመርፌው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ቀዳዳው ከጠበበ ይላጫል፣ ይበታተናል። ፀጉር ያወጣው ክር ከዚህ ነው የመጣው።

ይሄን ለማወቅ ሰንጠረዥ አያስፈልግም። አንድ ክንድ የሚሆን ክር ይቆረጣል። መርፌው ከማሽኑ ወጥቶ ክሩ ይገባበታል። ክሩን በሁለት እጅ ወጥሮ፣ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጎ በ45 ዲግሪ ማዘንበል። መርፌው በራሱ ቀስ እያለ ከተንሸራተተ ልክ ነው። ከቆመ ጠባብ ነው። ሽው ብሎ ከወረደ ሰፊ ነው። የእሷ መርፌ ክሩን ብናነቃንቀውም አልወርድ አለ። 140ው ግን እያመነታ ወረደ። ረዳቷ ይሄን አይቶ በሳጥኑ ያለውን መርፌ ሁሉ ሲፈትን ዋለ።

ሳጥኑ ውስጥ ሌላም ነገር ተገኘ። 135×17 የሚሉ መርፌዎች ከ135×16 ጋር ተቀላቅለዋል። ሁለቱም ማሽኑ ላይ ይገጥማሉ። ልዩነቱ ጫፋቸው ነው። 17ቱ ክብ ጫፍ ያለው የጨርቅ መርፌ ነው፤ ፋይበሩን ገፍቶ ይገባል። 16ቱ ስለት ያለው የቆዳ ነው፤ ቆርጦ ይገባል። ክቡ ጫፍ ወፍራም ቆዳ ውስጥ በግድ ነው የሚገባው፣ ሲወጣም ቆዳውን ይዞት ይነሳል።

ይሄ የተዘለለውን ስፌት ያስረዳል። መርፌው ከታች ጥጉ ደርሶ መነሳት ሲጀምር ክሩ ከጎኑ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። የሚዞረው መንጠቆ ያንን ቀለበት ነው የሚይዘው። ቆዳው ከመርፌው ጋር አብሮ ከተነሳ ግን ክሩም አብሮ ይነሳል፣ ቀለበት አይሠራም። መንጠቆው ባዶ ያልፋል፤ ስፌቱ ይዘለላል። መድኃኒቱ ትክክለኛ መርፌና ቆዳውን ተጭኖ የሚይዝ እግር ነው። የእግሩን መጫኛ ብሎን ትንሽ አጠበቅነው።

ብዙ ሰው ስፌት ሲዘለል ወዲያው የመንጠቆውን ጊዜ ማስተካከል ይጀምራል። እባካችሁ መጨረሻ ላይ አድርጉት። መጀመሪያ አዲስ መርፌ፤ ከዚያ ክሩን እንደ አዲስ ማስገባት፤ ከዚያ የእግሩ ጭነት። እነዚህ ካልሠሩ ብቻ ነው መንጠቆው የሚነካው። በብዙ ማሽኖች ላይ መርፌው ከታች ጥጉ 2 ሚሊ ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ ሲነሳ የመንጠቆው ጫፍ መርፌው ጋ መድረስ አለበት፣ ከመርፌው ቀዳዳ ከፍ ብሎ። እጅ ጎማውን በቀስታ አዙረን አየነው፤ ልክ ነበር። አልነካነውም።

ከዚያ የክሩን ውጥረት አስተካከልን። የላይኛውና የታችኛው ክር የሚተሳሰሩት በቆዳው መሃል ውፍረት ላይ ነው መሆን ያለበት። ቋጠሮው ከታች ከወጣ የላይኛው ውጥረት ይጠብቃል፣ ከላይ ከወጣ ይላላል። በ120 መርፌ ጊዜ ቋጠሮው በጠባቡ ቀዳዳ አልገባ ስለሚላት ውጥረቱን በጣም አጥብቃው ነበር። መርፌው ሲቀየር ብሎኑን መልሰን አላላነው። ሁልጊዜ የምንፈትነው በቁርጥራጭ ላይ ነው፣ ያውም በትክክለኛው የንብርብር ብዛት። በአንድ ንብርብር ላይ የተስተካከለ ውጥረት በሁለት ንብርብር ላይ አይሠራም።

ለማሽኑ አንድ ነገር ብቻ ተገዛለት፦ ሞተር። የድሮው የክላች ሞተር ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ማሽኑ ቢቆምም እሱ ሳያቋርጥ ይዞራል፣ እንደ ዓይነቱ በደቂቃ 1,400 ወይም 2,800 ገደማ። ፔዳሉን ነካ ስታደርጊው ማሽኑ ይሮጣል። የምላሱን ሹል ጫፍ በዚያ ፍጥነት ማዞር አይቻልም። ሰርቮ ሞተር ግን ስፌት በስፌት ይሄዳል፣ ሲቆምም ዝም ይላል። ከሞተሩ ጋር ትንሽ ፑሊ (ቀበቶው የሚዞርበት ጎማ) ሲገጠምለት ፍጥነቱ ይቀንስና ጉልበቱ ይጨምራል። ቆዳ ለሚሰፋ ሰው አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብባል የምለው ይሄን ነው።

አራቱ ነጥቦች በእጅ

ማሽን የሚሰፋው በሁለት ክር ነው። አንዱ ከተበጠሰ ሌላውን የሚይዘው የለም፣ ይተረተራል። የኮርቻ ስፌት የሚባለው የእጅ ስፌት በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ክሩ ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ ከዚህም ከዚያም። አንዱ ወገን ቢፈገፈግና ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሙሉውን ቦርሳ በማሽን፣ ጭነት የሚያርፍባቸውን አራት ነጥቦች ግን በእጅ ለመስፋት ወሰነች። ነጥቦቹ ሁለቱ የማንገቻ ጫፎችና ቦርሳው ላይ ያሉት ሁለት መያዣዎች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥርሶቹ በ4 ሚሊ በተራራቁ ምልክት ማድረጊያ ቀዳዳዎቹ ይመታሉ። ሰም የተቀባ 0.8 ሚሊ ፖሊስተር ክር ይዘጋጃል፣ የሚሰፋውን መስመር አራት እጥፍ ያህል። በሁለቱም ጫፍ ጫፉ የደነዘ መርፌ ይታሰራል። ሥራው በእንጨት መቆንጠጫ ይያዛል፣ ሁለቱም እጅ ነጻ እንዲሆን። ወስፌው ቀጥ ብሎ ይገባል። በአንዱ ወገን በኩል መርፌ ይገባና ክሩ ይሳባል። ሁለተኛው መርፌ ከተቃራኒው ሲገባ የመጀመሪያውን ክር ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ቦታ መስጠት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መርፌው ክሩን ይወጋዋል። ክሩ ከተወጋ ስፌቱ አይጠብቅም፣ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ መፍታት አይቻልም። ከዚያ ሁለቱም ክር እኩል ይሳባል፣ ቆዳው ላይ ረጋ ብሎ እስኪተኛ። በኃይል የተሳበ ስፌት ቆዳውን ይቆርጣል።

ለዘለበቱ ቅርብ የሆነው የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ክሩ በጠርዙ ዞሮ ሁለት ጊዜ ይጠመዘዛል። ንብርብሮቹን ለማላቀቅ የሚታገለው ጉልበት የሚጀምረው እዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ ክሩ ይቆረጣል፣ ጫፉም በእሳት ነካ ተደርጎ ይቀልጣል።

ሙከራውና ትልቁ ማሽን

በአሮጌው አሠራር አንድ ማንገቻ፣ በአዲሱም አንድ አዘጋጀን። ከቆዳው ክፍልና ከክሩ በስተቀር የቀረው ዕቃ አንድ ዓይነት ነው። በየተራ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥለን ስንዝር ያህል እያነሳን ለቀቅነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ቦርሳ ይሄን አይሸከምም፣ ግን ሰው ቦርሳውን ትከሻው ላይ ሲወረውር የሚፈጠረው ንቅናቄ ቀላል አይደለም። አሮጌው ብዙም ሳይቆይ በዚያችው አቋራጭ መስመር ሄደ። አዲሱ ቆየ። ስንተወው ምላሱ ላይ አንድም ቀዳዳ አልሰፋም ነበር።

ትልቁን ማሽን አልገዛችም። ያ ዓይነት ማሽን እስከ 20 ሚሊ ገደማ ውፍረት የሚሰፋ ነው። የሚወደውም ወፍራም መርፌና ወፍራም ክር ነው፣ ከ180 ቁጥር በላይና ቴክስ 270 አካባቢ። በ2 ሚሊ የቦርሳ ቆዳ ላይ ቢሠራ ቀዳዳው ይብሳል፣ ውጥረቱን ለቀጭን ክር ማላላትም ያታግላል። ወፍራም ቀበቶ፣ የውሻ ማሰሪያ ወይም ኮርቻ ለሚሠራ ሰው ግን ተገቢ ማሽን ነው።

የቀሩት የተመለሱት ቦርሳዎች ናቸው። በድሮው ቀዳዳ ደግሞ መስፋት አይሆንም፤ የደከመው ቆዳው ነው። የተቀደደው ጫፍ እስከ ጤነኛው ቆዳ ድረስ ተቆርጦ ይጣላል። ማንገቻው የሚያጥር ከሆነ ከጀርባ ቆዳ በተቆረጠ አዲስ ቁራጭ ዘለበቱ ይያዝና፣ ቁራጩ ማንገቻውን በላይና በታች አቅፎ በሁለቱም ጎን በእጅ ይሰፋል። መገጣጠሚያው ቢያንስ 40 ሚሊ መደራረብ አለበት። እሷ እነዚህን ያለ ክፍያ እየጠገነች ነው፤ ያልተመለሱትንም ደንበኞቿ እንዲያመጡላት ጠርታለች።